ምርኩዙ በየትኛው መዝገብ ላይ ነው?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ትናንሽ የሰፈርና የትምህርት ቤት ሙዚየሞች ከጻፍን ወዲህ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ ከዘነበወርቅ፣ ከአየር ጤና፣ ከዓለም ገናና ከሰበታ የተላኩ ናቸው። ጥያቄዎቹም በአንድ ጉዳይ ላይ የተገናኙ ሆነው አገኘኋቸው፤ የአካል ጉዳተኞች ታሪክ በተራ የቤትና የሥራ ዕቃ አማካይነት በሙዚየም ውስጥ እንዴት ሊታይ እንደሚችል ይጠይቃሉ። ነገሩ አላስገረመኝም። በዚያ መንገድ ላይ በሥጋ ደዌ ለተያዙ ሰዎች የተሠራ ሆስፒታልና ለዓይነ ስውራን የተከፈተ አዳሪ ትምህርት ቤት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ኖረዋል፤ በዙሪያቸውም ሰው ታክሞ፣ ተምሮ፣ ትዳር ይዞና ልጅ አሳድጎ ዕድሜውን ገፍቷል። ዕቃው ዛሬም በየቤቱ አለ። ከደብዳቤዎቹ አምስቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ በሰበታ የታሪክ መምህር ነኝ። ትምህርት ቤታችን አንዲት ክፍል ለኤግዚቢሽን ስለሰጠን ከተማሪዎቼ ጋር ስለ አካል ጉዳተኞች ታሪክ ለማሳየት ተነሣን። ዕቃ በውሰት ለማግኘት አንድ ሙዚየም ሄደን ስንጠይቅ፣ «እንዲህ ያለ ዕቃ በግምጃ ቤታችን የለም» ተብለን ተመለስን። እውነት የለም? ከየት እንጀምር?

መልስ፦ የለም ያሉዎት ሰው የዋሹ አይመስለኝም። መዝገባቸውን «አካል ጉዳት» በሚል ቃል ቢያስሱ አንድም ዕቃ አይወጣላቸውም። የሙዚየም መዝገብ ዕቃን ከተሠራበት ነገር፣ ከመጣበት አካባቢና ከአገልግሎቱ አንጻር ይመድባል፤ ዕቃውን ማን ይዞት እንደኖረ፣ የያዘው ሰው አካልም ምን ይፈልግ እንደነበር የሚጠይቅ ዓምድ ግን በአብዛኛው የለውም። እኔ ራሴ ቅርስ በመመዝገብ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ብዙ በትር ርዝመቱን ለክቼ፣ የእንጨቱን ዓይነት ጠይቄ፣ ቁጥር ሰጥቼ ወደ መደርደሪያ መልሻለሁ፤ የማን እጅ እንዳለሰለሰው ሳልጠይቅ በማለፌ ዛሬ ይቆጨኛል።

በትርን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በቋንቋችን አንዱ እንጨት እንደያዡ ስሙን ይለውጣል። እረኛ ሲይዘው ዱላ፣ የተከበረ ሽማግሌ ሲይዘው ከዘራ፣ ማሕሌት ቋሚ ሲይዘው መቋሚያ ይባላል፤ እግሩ የማይታዘዝለት ወይም ዓይኑ የማያይለት ሰው ሲይዘው ደግሞ ምርኩዝ ይሆናል። ከዘራውና መቋሚያው ሙዚየም ገብተዋል፤ ምርኩዙ ግን ወይ አልገባም፣ ወይም በሌላ ስም ገብቷል። መቋሚያን ራሱን ልብ ብለን እንየው። ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ለሚያገለግሉ ሊቃውንት ክንዳቸውን የሚያሳርፉበት፣ በዝማሜ ጊዜም ምቱን የሚጠብቁበት ዕቃ ነው። ቆሞ መጸለይ ሥርዓት በሆነበት ቦታ፣ ጠንካራውም ሰው ቢሆን የሚደገፍበት እንደሚያስፈልገው አባቶቻችን አምነው ያበጁት መደገፊያ ነው። መቋሚያውን «የቤተ ክርስቲያን መገልገያ»፣ ምርኩዙን «የሕክምና ቁሳቁስ» ብለን በሁለት ክፍል ከምናስቀምጣቸው፣ በአንድ መደርደሪያ ጎን ለጎን አቁመን ተማሪዎችዎ ልዩነቱን ራሳቸው እንዲፈልጉ ብናደርግ ከብዙ ገለጻ የበለጠ የሚያስተምራቸው ይመስለኛል።

በሥዕልም በኩል ያለን ሀብት ትንሽ አይደለም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በቆሙ ብዛት አንድ እግራቸው መቆረጡን ቤተ ክርስቲያን ጥር 24 ቀን በስባረ ዐጽማቸው ታስባለች፤ ሠዓልያኑም ጻድቁን በአንድ እግር ቆመው፣ የተቆረጠችውን እግር ክንፍ አልብሰው ይሥሏቸዋል። የጎደለ አካል በክብር የተሣለበት ሥዕል በየደብሩና በየሙዚየሙ እያለ፣ «ስለ አካል ጉዳት የሚናገር ነገር የለንም» ማለት እንደማይቻል ለተማሪዎችዎ ያሳዩአቸው። በዚያው ደብር ደጅ ምርኩዙን ተደግፎ የሚቀመጠው ሰው ለምን እንዳልተሣለም ይጠይቋቸው፤ ይህን ጥያቄ ሳያነሡ ሥዕሉን ብቻ ማሳየት እኔ አልወደውም።

እርስዎ የደረሰብዎት በሌላም አገር ደርሷል። በእንግሊዝ የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 የሙዚየሞችን ክምችት በመረመሩ ጊዜ ከአካል ጉዳተኞች ሕይወት ጋር የተያያዘ ብዙ ዕቃ አግኝተዋል፤ አብዛኛው ግን በግምጃ ቤት የተቀመጠ፣ ለእይታ በቀረበበትም ቦታ ግንኙነቱ ያልተነገረ ነበር። ስለዚህ ወደዚያው ሙዚየም ሌሎች ቃላት ይዘው ይመለሱ። በትር፣ በርጩማ፣ ጫማና የተጠገነ የሥራ መሣሪያ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ ሲያዩም የመልበሱን ምልክት ይፈልጉ። አንድ ምሳሌ ልስጥዎት። በአገራችን ዓይነ ስውር ሰው በልጅ ወይም በደቀ መዝሙር ሲመራ፣ መሪው የበትሩን አንድ ጫፍ፣ ተመሪው ሌላውን ጫፍ ይዘው ይሄዳሉ። የእረኛ ዱላ ላዩ በእጅ ይለሰልሳል፣ ታቹ በድንጋይ ይከተከታል። የመሪና የተመሪ በትር ግን በሁለቱም ጫፍ ይለሰልሳል። እንዲህ ያለ በትር በአንድ የሙዚየም መደርደሪያ ላይ «ዱላ» ተብሎ ተጽፎ ቢያገኙ ከፊትዎ ያለው የሁለት ሰዎች ታሪክ መሆኑን ይወቁ፤ ምናልባትም ቅኔውን በቃሉ የያዘ የኔታና እርሱን እየመራ የተማረ ልጅ ታሪክ ይሆናል። ከጎኑ ነጩን በትር ያቁሙለት። ጄምስ ቢግስ የተባለ የብሪስቶል ነዋሪ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ አሽከርካሪዎች እንዲያዩት በትሩን ነጭ ቀለም የቀባው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው፤ ያኛው በትር መኪና በበዛበት ከተማ ብቻን ለመሄድ የተበጀ ነው። አንዱ ከሌላው ይበልጣል አላልኩም፤ ሁለቱ በትሮች ስለ ሁለት ዓይነት መንገድ ይናገራሉ።

በሰበታ ላይ ሆነው ደግሞ የብሬል መጻፊያ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለብዎትም። በከተማዎ ያለው የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት፣ መርሐ ዕውራን፣ ያፈራቸው መምህራንና የሕግ ባለሙያዎች በአገሩ ሁሉ አሉ፤ ብዙዎቹም የተማሩበትን የመጻፊያ ሰሌዳና መውጊያውን ስታይለስ አልጣሉትም። ሉዊ ብሬል የስድስት ነጥቦቹን ጽሕፈት እ.ኤ.አ. በ1824 ሲያበጅ ዕድሜው 15 ነበር። የእኛ ፊደል ወደዚህ ጽሕፈት ሲገባ ጠባዩ ተለውጧል፤ በቀለም አንድ ሆነው የሚጻፉት ተነባቢና አናባቢ በብሬል ለየብቻ ይቀመጣሉ፤ ስለዚህም የአማርኛ የብሬል መጽሐፍ ይወፍራል። በሰሌዳው የሚጽፍ ሰው ነጥቡን ከወረቀቱ ጀርባ ስለሚወጋ ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋል፤ ወረቀቱን ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ያነብባል። ይህን ተማሪዎችዎ ራሳቸው በወረቀት ይሞክሩት። የብሬል ደብተር በስጦታ ካገኙ ግን አንዱን በሌላው ላይ አይከምሩት፤ ነጥቦቹ በክብደት ይተኛሉ፣ የተኛ ነጥብም አይነበብም። እንደ መጽሐፍ ቀጥ አድርገው ያቁሙት።

ጥያቄ፦ ዘነበወርቅ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። እናቴ በወጣትነቷ ሥጋ ደዌ ይዟት ከገጠር ለሕክምና መጥታ፣ ድና፣ እዚሁ ቀርታ አሳደገችን። ባለፈው ዓመት ዐረፈች። የጎማ ጫማዋን፣ ለስድስቱም ሲኒዎቿ በኪሮሽ የሠራቻቸውን የክር ቀለበቶችና መያዣው በጨርቅ የተጠቀለለውን አክንባሎ አስቀምጫለሁ። ወንድሞቼ «ይቃጠል፤ ለሰው ቢታይ እናታችንን ማዋረድ ነው» ይላሉ። ለሙዚየም ብሰጥ ጥፋት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አስቀድሜ እናትዎን ነፍስ ይማር እላለሁ። ለጥያቄዎ ጥፋት አይደለም ብዬ በአጭሩ መመለስ እችል ነበር፤ ነገር ግን የላኩልኝን ፎቶግራፎች ሦስት ቀን ሙሉ ደጋግሜ ስላየኋቸው ያየሁትን ልንገርዎት።

ጫማው ከሩቅ ማንም የሚያውቀው በረባሶ ነው። ሶሉ ከመኪና ጎማ ተቆርጧል፤ የጎማው ጥርስ ገና አልጠፋም። ገልብጠው ያነሡት ሁለተኛው ፎቶግራፍ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። አንድም ሚስማር የለበትም። ገበያ ላይ የሚሸጠው በረባሶ ማሰሪያው በሚስማር ይመታል፤ የእናትዎ ግን ዙሪያውን በክር ተሰፍቷል። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ነርቭን ስለሚጎዳ የእጅና የእግር ስሜት ይጠፋል፤ በሌላው ሰው ጫማ ውስጥ ሾልኮ የወጣ ሚስማር ወዲያው «ውይ» ያሰኛል፣ ስሜት በሌለው እግር ግን ገብቶ ቀኑን ሙሉ ይውላል፤ ባለ እግሯ የምታውቀው ማታ ጫማዋን ስታወልቅ ደም ስታይ ነው። ቁስሉ ይሰፋል፣ አጥንት ይደርሳል፣ ጣትም እግርም የሚታጣው ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። ጫማ ሰፊው ሚስማሩን የተወው ስለዚህ ነው። ከውስጥ የተነጠፈው ለስላሳ ላስቲክ የሰውነት ክብደት በአንድ ቦታ እንዳይጫን ያደርጋል። ከተረከዙ ኋላ የሚያልፈው ማሰሪያም ምክንያት አለው፤ የማይሰማ እግር ጫማው ቢወልቅ አያውቅምና።

ሲኒዎቹን ሳይ ደግሞ ጥቂት ቆየሁ። ሲኒ እጀታ የለውም። ቡናው መጠጣት የሚቻልበት ደረጃ ላይ መድረሱን የሚነግረን ጣታችን ነው፤ ጣቷ የማይነግራት ሴት ግን ሳታውቅ ትቃጠላለች። የክር ቀለበቱ ለዚህ መፍትሔ ነው፤ ይህን ማንም ሊገምተው ይችላል። እርስዎ በደብዳቤዎ በአንድ መስመር ያለፉት ነገር ግን ከዚህ ይበልጥብኛል፤ እናትዎ የሠሩት ለራሳቸው ሲኒ ብቻ ሳይሆን ለስድስቱም ነው። የጎረቤት ሴቶች ቡና ሊጠጡ ሲመጡ የሁሉም ሲኒ አንድ ዓይነት ሆኖ ያገኙታል፤ «ይህ የእርሷ ነው» ተብሎ የሚለይ ሲኒ በረከቦቱ ላይ የለም። በዚያ ዘመን ሕመምተኛ የሚጠጣበት ዕቃ ተለይቶ ይቀመጥ እንደነበር ሰፈርዎ ያውቃል። እናትዎ ያንን ልማድ በኪሮሽና በክር፣ ከማንም ጋር ሳይጣሉ፣ ከቤታቸው አስወጥተዋል። ይህን የሚያሳይ ሰነድ በየትኛውም ቢሮ አይገኝም።

የወንድሞችዎን ስጋት ግን አቅልዬ አላየውም። ባክቴሪያውን ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሀንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 አግኝቶታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የብዙ መድኃኒቶችን ጥምር ሕክምና ከመከረበት ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህም በሽታው ፈጽሞ ይድናል፤ ሕክምና የጀመረም ሰው በሽታውን አያስተላልፍም። አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1965 በልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል ግቢ ሲቋቋም ከመላው አፍሪካ የሚመጡ ባለሙያዎችን ለማሠልጠን ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖም የሰው ዓይን ከመድኃኒቱ እኩል አልፈጠነም። ልዩ ሆኖ የተሠራ ጫማ ያደረገውን ሰው ስለሚያጋልጠው፣ ጫማው ከተራው ጫማ እንዲመሳሰል ካልተደረገ ብዙ ሕመምተኞች አያደርጉትም ነበር። የእናትዎ ጫማ በረባሶ መምሰሉም አንዱ ጥበቃ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ በሕይወት ሳሉ የተሸሸገላቸውን ነገር እኛ በመስታወት ውስጥ ስናስቀምጥ ፈቃድ ያስፈልገናል፤ እርሳቸው ካለፉ ደግሞ ፈቃዱ የሁላችሁም ልጆች ነው።

ስለዚህ አትቸኩሉ። ወንድሞችዎን ሰብስበው ጫማውን ገልብጠው ያሳዩአቸውና ሚስማሩ የት እንዳለ ይጠይቋቸው። ሙዚየም የሚወስደው ከሆነ የስጦታ ውል በጽሑፍ ይሁን፤ የእናታችሁ ስም ይጻፍ ወይስ «የዘነበወርቅ ነዋሪ እናት» ይባል፣ ፎቶግራፋቸው ይታይ ወይስ አይታይ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ስሙ ሊገለጥ እንደሚችል እናንተ ወስኑ። የቆሰለ እግር ወይም የታጠፈ ጣት ፎቶግራፍ ከዕቃው ጎን እንዳይሰቀል በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ይህን አጥብቄ እለምንዎታለሁ። በኖርዌይ የበርገን ከተማ የቅዱስ ዮርገን የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ወጥ ቤቱና ሕመምተኞቹ የኖሩባቸው ጠባብ ክፍሎች ተጠብቀዋል፤ የከተማዋ የሥጋ ደዌ መዛግብትም እ.ኤ.አ. በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ትውስታ መዝገብ ሰፍረዋል። እዚያ የሕመምተኞቹን መኖሪያ ማክበር ከተቻለ፣ የእናትዎ ረከቦት እዚህ የማይከበርበት ምክንያት አይታየኝም።

እስከዚያው ድረስ ዕቃውን በፌስታል አይቋጥሩት፤ ላስቲኩ ይታፈናል፣ ክሩም ይሻግታል። በታጠበ አቡጀዴ ጠቅልለው ፀሐይና የከሰል ሙቀት ከማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡ። በቀለበቶቹ ላይ ያለውን የቡና እድፍ፣ በአክንባሎው ጨርቅ ላይ ያለውንም ጥላሸት አያጥቡ። ከሁሉ በፊት ግን ስልክዎን ቀረጻ ላይ አድርገው የሚያስታውሱትን ይናገሩ፤ ጫማው በዓመት ስንት ጊዜ ይቀየር ነበር፣ ማን ሰፋው፣ ምጣዱን ሲያስሱ በየትኛው እጅ ነበር፣ ለክብረ በዓል ምን ያደርጉ ነበር። ዕቃው ሁለት መቶ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ይህን የሚያስታውሱት ግን እርስዎና ወንድሞችዎ ብቻ ናችሁ።

ጥያቄ፦ በሕፃንነቴ የልጅነት ልምሻ መትቶኝ እግሮቼ አይሠሩም። ዓለም ገና ውስጥ በእጅ በሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ለብዙ ዓመታት ሸቀጥ እያዞርኩ ሸጫለሁ። አሁን አዲስ ተሽከርካሪ ወንበር ስላገኘሁ አሮጌው ለኤግዚቢሽን ይፈለጋል ተባልኩ። ከመስጠቴ በፊት ብየዳውን ላስተካክል፣ ቀለምም ልቀባው ወይ?

መልስ፦ እባክዎ ምንም አይንኩት። ሰንሰለቱ ከየትኛው ብስክሌት እንደተወሰደ፣ መቀመጫው ስንት ጊዜ እንደተበየደ፣ ለሸቀጡ ሣጥን የጨመሩት ብረት ከየት እንደመጣ የሚታየው አሁን ባለበት ሁኔታ ነው። ኤቨረስትና ጄኒንግስ የተባሉት አሜሪካውያን መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1933 የሠሩት ታጣፊ የብረት ወንበር ታጥፎ መኪና ውስጥ እንዲገባ የታሰበ ነበር፤ የእርስዎ ደግሞ ለኮረኮንች፣ ለጭቃና ለንግድ ተብሎ በሰፈር ጋራዥ ውስጥ ተለውጧል። ለውጡን የሠራው የብየዳ ባለሙያ በሕይወት ካለ ስሙ በመግለጫው ላይ ከእርስዎ ስም ቀጥሎ ይጻፍ። የሚያልፉበትንም መንገድ ፎቶግራፍ አንሥተው አብረው ይስጡ፤ በተለይ ወርዶ የሚገፋልዎ ሰው የሚያስፈልግበትን ቦታ። በዋሽንግተን የሚገኘው የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም፣ በዴንቨር ከተማ የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቾች በመዶሻ የሰበሩትን የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ስባሪ ይዟል። ሲሚንቶ ነው፤ ነገር ግን እንቅፋቱ በሰውየው እግር ላይ ሳይሆን በመንገዱ ላይ እንደነበረ ከእርሱ የበለጠ የሚመሰክር ዕቃ አላውቅም።

ጥያቄ፦ በአንድ ሙዚየም ጀማሪ መዝጋቢ ነኝ። በድሮው መዝገባችን «የቆማጣ ጫማ»፣ «የደንቆሮ ደወል» የሚሉ አጻጻፎች አሉ። ልሰርዛቸው?

መልስ፦ አይሰርዙ፤ ነገር ግን በዚያው አይተዉአቸው። የድሮው አጻጻፍ ራሱ ማስረጃ ነው፤ መዝጋቢው ሰዎችን በምን ዓይን ያይ እንደነበር ይናገራል። በመዝገቡ ውስጥ «በመጀመሪያው ምዝገባ የተሰጠ ስም» የሚል ዓምድ ከፍተው በትእምርተ ጥቅስ ከነዘመኑ ያኑሩት፤ ለጎብኚ በሚታየው መግለጫ ላይ ግን «በሥጋ ደዌ የተጠቃ ሰው ጫማ»፣ «መስማት የተሳነው ሰው የተገለገለበት ደወል» ብለው ይጻፉ። የሰውየው ሥራ ከታወቀ ከሁሉ ይሻላል፤ «የሸማኔ ጫማ» ብሎ ጀምሮ ሕመሙን በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር መናገር ይቻላል። የተቋም ስም ግን አይለወጥ። «መርሐ ዕውራን» የግዕዝ ስም ነው፤ ትርጉሙም የዕውራን መሪ ማለት ነው። ዛሬ በመንገድ ላይ ለስድብ የሚወረወረው ቃል በዚያ ስም ውስጥ ክብሩን እንደያዘ አለ፤ ይህንንም ለጎብኚ መንገር ያስፈልጋል።

በአንድ ነገር ላይ ግን ይጠንቀቁ። የማያውቁትን ሕመም በግምት አይጻፉ። አጭር ምርኩዝ ያያችሁ እንደሆነ የልጅ ሊሆን ይችላል፣ የተቆረጠም ሊሆን ይችላል። ልኬቱንና የመልበሱን ምልክት ጽፈው ቀሪውን ቦታ ባዶ ይተዉት።

ጥያቄ፦ ዓይነ ስውር ነኝ፤ የምኖረው አየር ጤና ነው። ከእህቴ ጋር አንድ ሙዚየም ሄጄ እጄን ስዘረጋ ጥበቃው «አይነካም» ብሎ መለሰኝ። እህቴ መግለጫውን አነበበችልኝ፤ እኔ ግን ከቤቴ ሬዲዮ ሰምቼ ከመጣሁት የተለየ ነገር ሳላገኝ ተመለስኩ። ለሌላው ሰው መስታወት ከተሠራለት ለእኔ ምን ተሠራልኝ?

መልስ፦ ያዘኑበት ነገር ተገቢ ነው፤ ጥያቄዎም ሕግ አለው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010፣ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 30 ሙዚየምን በስም ጠቅሶ አካል ጉዳተኞች ከሌሎች ጋር በእኩልነት እንዲገለገሉበት ማድረግን ግዴታ አድርጎታል። ጥበቃው የታዘዘውን ፈጽሟል፤ ትእዛዙን ማስተካከል ያለባቸው የበላዮቹ ናቸው።

ሙዚየሞች አይነካም የሚሉበት እውነተኛ ምክንያት እንዳላቸው አልክድም፤ የእጅ ላብና ቅባት ብራናን፣ ጨርቅንና ብረትን ይጎዳል። ድንጋይ፣ የተተኮሰ ሸክላና ጠንካራ እንጨት ግን በታጠበና በደረቀ እጅ፣ ቀለበትና ሰዓት ወልቆ፣ ጠረጴዛ ላይ በለስላሳ ጨርቅ ተቀምጦ ቢዳሰስ ብዙም አይጎዳም። ጓንት ይሰጥ የሚሉ አሉ፤ በጓንት የሚዳስስ ዓይነ ስውር ዓይኑን ሸፍኖ ሥዕል እንደሚያይ ሰው ነው። ለማይነካው ዕቃ አምሳያ ይሠራለት፤ በከተማችን ዳርቻ ሸክላ ሠሪም እንጨት ጠራቢም አይጠፋም። ሌላው ቢቀር፣ በየወሩ ስንት ዕቃ ለዳሰሳ እንደሚወጣ ተጽፎ በር ላይ ቢለጠፍ፣ በስልክም ለጠየቀ ቢነገር፣ እርስዎ የሚመጡበትን ቀን ያውቁ ነበር።

ለሰበታው መምህር በሁለቱም ጫፍ ስለለሰለሰ በትር ጽፌላቸዋለሁ። እንዲህ ያለውን በትር ዓይን ያለው ጎብኚ ከመስታወት ውጪ ሆኖ ሊለየው አይችልም፤ በእጅ ተይዞ፣ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ተዳስሶ ነው የሚታወቀው። መምህሩና ተማሪዎቻቸው የሚከፍቱት ክፍል ሲጠናቀቅ በዳሰሳ የሚጎበኝ ዕቃ እንዲያዘጋጁ ጠይቄአቸዋለሁ፤ የሚከፈትበትን ቀን እንዳወቅሁ ለእርስዎና ለእህትዎ አሳውቃለሁ።